ቁራኛ የተባለችው ጠባብ እርሻ

አጋም አፋፍ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ በላይኛው ቤት ማሳና በታችኛው ቤት ማሳ መካከል፣ በሬ ዞሮ የማይመለስባት አንዲት ጠባብ እርሻ አለች፤ ስሟ ቁራኛ ይባላል። በየዓመቱ የሰኔ ዘር ሊጀመር ሲል፣ ማንም ወንድ እርፍ ከመጨበጡ በፊት፣ ከላይኛው ቤት አንዲት ሴት፣ ከታችኛው ቤት አንዲት ሴት ይመጡና ከየቤታቸው አንዳንድ በሬ አምጥተው፣ ጠምደው፣ ያችን እርሻ ያርሷታል። ሴት ሞፈር በማትነካበት አገር ይህ ራሱ ጉድ ነው። የባሰው ጉድ ግን የወንዶቹ ነው፤ ድንበር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ የአንዱ ቀኝ እጅ ከሌላው ግራ እጅ ጋር በሚስቶቻቸው መቀነት ታስሮ፣ ሴቶቹ አርሰው እስኪጨርሱ ድረስ ዳገቱ ላይ ተኮልኩለው ይቀመጣሉ። እስከዚያ ድረስ መናገር ክልክል ነው።

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። በሬዲዮ የዓለም አስገራሚ ታሪኮች የሚባል ነገር ይቀርባል፤ ጎረቤቴ ትዛዙ አንድም ቀን አያመልጠውም። በጥንት ዘመን በፈረንሳይ አገር አሳማ ዳኛ ፊት አቁመው፣ ከስሰው፣ ፈርደው ሰቀሉት ሲባል ሆዱን ይዞ ይስቃል። በአውስትራሊያ ወታደሮች መትረየስ ይዘው ከትልልቅ ወፎች ጋር ሊዋጉ ዘምተው ወፎቹ አሸነፉ ሲባልማ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አይቀረው። «አቤት የፈረንጅ ጉድ!» ይለኛል። ራሱ በየዓመቱ ከእኔ ጋር በመቀነት ታስሮ የሚውል ሰው! ለምን እንደምንታሰር ስጠይቀው ደግሞ «የአባቶች ወግ ነዋ» ብሎ ያልፈዋል። ድንቄም ወግ! ከተማ ያሉትም ልጆቻችን መጥተው ፎቶ ያነሱና «ደስ ይላል» ብለው ይሄዳሉ። እንግዲህ እኔ ልንገራችሁ፤ ደስ ይል እንደሆነ እናንተው ትፈርዳላችሁ።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ዘመን በላይኛው ቤት ማንያዘዋል የሚባል፣ በታችኛው ቤት ደግሞ ሽብሩ የሚባል ገበሬ ይኖሩ ነበር። ሁለቱም አንዳንድ በሬ ብቻ ስለነበራቸው፣ የአንድ በሬ ጌቶች እንደሚያደርጉት መቀናጆ ገብተው፣ በሬዎቻቸውን በአንድ ቀንበር እየጠመዱ አንድ ቀን የአንዱን፣ በማግሥቱ የሌላውን ያርሱ ነበር። በማሳዎቻቸው መካከል ያችው ጠባብ መሬት ከአባቶቻቸው ጀምራ የከብት መተላለፊያ ሆና፣ ማንም ሳያርሳት ጦም አድራ ኖራለች፤ በአንድ ጎኗም የድንበር ድንጋይ ቆሞባት ነበር ይባላል። በበጋው መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት ታዲያ ድንጋዩ ከነበረበት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ተገኘ።

ማን ገፋው? እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ማንያዘዋል «ሽብሩ ነው» አለ። ሽብሩ ደግሞ «ራሱ ገፍቶ ሲያበቃ ቀድሞ ጮኸ» አለ። ከመንደራችን ሽማግሎች አንዳንዶቹ እንደሚሉት ግን የገፋው ከርከሮ ነው፤ ሥር ሲቆፍር አድሮ በአፍንጫው ገለበጠው ይላሉ። እኔም ከርከሮ ነው ባይ ነኝ፤ ለዚህ ነው በፈረንጆቹ አሳማ መሳቅ ያቃተኝ። እነሱ ቢያንስ አሳማውን ሰቅለው በየቤታቸው ገቡ። የኛዎቹ ከርከሮው የሠራውን ይዘው ዳኛ ዘንድ ሄዱ።

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይባል የለ? ሁለቱም ይህን እየደጋገሙ ዳኛው ፊት ቆመው፣ ነጠላቸውን እያደገደጉ፣ ዘንጋቸውን እየሰበቁ፣ ቀኑ እስኪመሽ ተሟገቱ። ዳኛው የጦር አለቃም ስለነበሩ ለዘመቻ ሊነሡ ስንቃቸው በበቅሎ ተጭኖ ነበር። በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በአንድ ሰንሰለት ይታሰሩ ነበር፤ ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። አንዱ እንዳይጠፋ ሌላው ይጠብቀዋል፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ይማርህ ይለዋል። ዳኛውም አሰሯቸውና እንዲህ አሉ ይባላል፤ «ከዘመቻ ስመለስ እፈርዳለሁ። እስከዚያ ድረስ ቀድሞ ‹ፍቱኝ› ያለ ተረትቷል፤ መሬቷም የሌላው ናት።» በቅሏቸውን ኮርኩረው ሄዱ። እንግዲህ የሰንሰለቱን ነገር ልብ በሉ፤ ያችን አንዲት ቃል የተናገረ ይረታል።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ወይ ፍንክች! ወሩ አለቀ፤ ዳኛው አልተመለሱም። ሌላ ወር ተተካ፤ አልተመለሱም። በኋላ እንደተሰማው ዳኛው ቆላ ወርደው በንዳድ ሞተዋል፤ አጋም አፋፍ ግን ይህን ማን ነግሮት! ሁለቱ ባላጋራዎች አንዱ በሌላው ቤት ላለመግባት ስለተማማሉ የመንደሩ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ዳስ ጣለላቸው፤ እዚያ ተኝተው እዚያ ይነሣሉ። የማንያዘዋል ሚስት ወለላ ባሏን ልታበላ በሄደች ቁጥር ባላጋራውንም ማብላት ግድ ሆነባት፤ የሽብሩ ሚስት አጸደም እንደዚያው። አንዱ ሲጎርስ ሌላው ቁጭ ብሎ እንዴት ይያል? እነሱ ግን እየበሉም ይሟገታሉ፤ ሴቶቹ ያመጡትን ጎርሰው አፋቸውን እንኳ ሳይጠርጉ «ድንጋዩ!» ይላሉ።

የሰኔ ዝናብ መጣ። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ነገሩ የመረረው። የአገሩ ሰው ሁሉ በሬውን እየነዳ ወጣ፤ የማንያዘዋልና የሽብሩ ማሳ ግን ሳይታረስ ቀረ። ታስረው እንኳ ማረስ ይችሉ ነበር፤ አንዱ እርፍ ይዞ ሌላው በጎኑ ቢሄድ ምን ነበረበት? ማንያዘዋል ግን «እግሬን ማሳው ውስጥ ካስገባሁ ያች መካከለኛ መሬት የሱ ናት ብዬ እንዳመንኩ ይቆጠርብኛል» አለ። ሽብሩም ይኸንኑ አለ። በሬዎቹንስ? «በሬዬ ከበሬው ጋር አንድ ቀንበር አይገባም» ተባባሉ። ሌላው ገበሬ እንዳያርስላቸው በዳኛ እጅ ባለ ነገር ገብቶ መነካካት ፈራ፤ ደግሞም የራሱ ዘር ያጣድፈዋል። ሁለት በሬ እያለ፣ ዝናብ እያለ፣ ዘር በጎተራ እያለ፣ ሁለት ቤት ሙሉ ልጅ ለከርሞ የሚበላው ሊያጣ ነው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን አጋም አፋፍን ያየ ሰው መሆን አለበት።

ወለላ ዳሱ ድረስ ሄዳ ባሏን እንዲህ አለችው ይባላል፦ «ማንያዘዋል፣ ልጆቼ ለከርሞ ምን ይበላሉ? ድንጋይ?»

«አንዲት ቃል አውጥቼ ልረታልሽ?»

«ተረታ! ተረታና አርስ!»

«የአባቴን አጥንት!» አለ ማንያዘዋል። ሽብሩ ደግሞ ከጎኑ ሆኖ፣ ሰንሰለቱን ቅጭል እያደረገ፣ «እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አልረታም» ብሎ አገዘው። እዚህ ላይ ሽማግሎቹ ሲተርኩ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልስቅም። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተስማሙት በዚህች ብቻ ነበራ!

ሴቶቹ ሽማግሎች ዘንድ ሄዱ። «አባቶቼ፣ ወይ አስታርቁልን ወይ ሰንሰለቱን ስበሩልን» አለች አጸደ። ሽማግሎቹም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ልጄ፣ የዳኛ ሰንሰለት በሰው እጅ አይሰበርም፤ ዳኛው እስኪመጡ ታገሡ» አሉ። ታገሡ! ዝናብ ይታገሣል? ሰኔ ይታገሣል? ሽማግሌ ሁሉ እንደዚህ ነው አልልም፤ እኔም ራሴ ሸምግያለሁ። ግን ስንት ቤት እንደፈታን ታገሡ በምትባል ቃል፣ እግዜር ነው የሚያውቀው።

ከሽማግሎቹ ደጅ ሲመለሱ ወለላ መንገድ ላይ ቆመች። «አጸደ፣ ያንቺ በሬ ደኅና ነው?» አለቻት።

«ደኅና ነው። ከመቆም ብዛት ደለበ እንጂ።»

«የኔም ደልቧል። ነገ ይዘሽው ነዪ።»

«ማን ሊጠምደው?»

«እኔና አንቺ ነና!»

አጸደ አማተበች ይባላል። ሴት ካረሰች ሰማይ ይቆጣል፣ ዝናቡ ይሸሻል ተብሎ የሚታመንበት ዘመን ነው። ሆኖም በማግሥቱ ይዛው መጣች። መቼም የአገሩ ውኃ ነውና ሴቶቹም ከዚህ እልህ ነጻ አልነበሩም፤ በማን ማሳ እንጀምር በሚለው ላይ ቀንበር ይዘው ቆመው ተጨቃጨቁ። «በላይኛው»፣ «በታችኛው»፣ «በዕድሜ እበልጥሻለሁ»፣ «በልጅ ብዛት እበልጥሻለሁ»። በኋላ ወለላ ራሷ ሰለቻትና «እንግዲያው ከመካከሉ እንጀምር» አለች፤ መካከሉ ደግሞ ያችው ለሙግት የቀረበችው ጠባብ መሬት ናት። አጸደ በሬዎቹን ከፊት እየመራች ወለላ እርፉን ጨበጠች፤ ማረሻው ያን ዘመናት ጦም ያደረ አፈር ሲገለብጠው ጥቁር፣ ለም፣ ትል የሚርመሰመስበት ሆኖ ተገኘ ይባላል። ትልማቸው የእባብ መንገድ ይመስል ጠመመ፤ እነሱ ግን መቼ ገደዳቸው! ደግመው አረሱት፤ ገብስ ዘሩበት።

ወደ ማሳዎቹ ሊሻገሩ ሲሉ የመንደሩ ሰው እየጮኸ መጣ። «በሕግ አምላክ! በሰማዩ አምላክ!» ብለው በሬዎቹን አስቆሙባቸው። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናቡ ቀጥ አለ። አይ እግዚአብሔር! ትንሽ ብትቆይ ምን ነበር? እሳቱ ነደደ እንግዲህ። ልጆቻቸው ውኃ ሲቀዱ ተሰደቡ፤ ወለላ ቤተ ክርስቲያን ብትሄድ ሴቶች ቦታ ነሥተዋት ከአጥሩ ውጭ ቆማ አስቀደሰች። አጸደም አለቀሰች፤ «ለልጆቼ ብዬ የልጆቼን ስም አጠፋሁ» አለች ይባላል። ወለላ ግን «የጠፋ ስም ይገኛል፤ የሞተ ልጅ አይገኝም» አለቻት።

ታዲያ የባሎቹን ነገር ስሙ። በዳኛ ሰንሰለት ታስረው፣ ማሳቸው ጦም አድሮ፣ ልጆቻቸው ሊራቡ፣ ምንም ያልበገራቸው ሰዎች፣ ሚስቶቻችሁ አረሱ ሲባሉ ጊዜ ከዳሱ ዘለው ወጡ። «ተዋረድን!» አለ ማንያዘዋል። «ተዋረድን!» አለ ሽብሩ። አዲስ ዳኛ ከወንዙ ማዶ ተሹመው መጥተዋል ሲባል፣ ሁለቱ ሚስቶቻቸውን ሊከሱ፣ አንድ ላይ፣ በአንድ ሰንሰለት፣ እየተጓተቱ ገደሉን ወርደው ወንዙን ተሻገሩ። የድንጋዩን ነገር እንኳ በመንገድ ላይ አላነሡም ይባላል። እንዲህ ተባብረው አንዲት ጥማድ ቢያርሱ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ የት በመጣ!

አዲሱ ዳኛ አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ ነገር የሰለቻቸው ሽማግሌ ነበሩ ይላሉ። ሚስቶቹ ተጠርተው ቀረቡ፤ ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ሰው ጎረፈ። ማንያዘዋል ዘንጉን ሰብቆ፣ ሽብሩ እጁ አብሮ እየተጎተተ ቃሉን እያጸደቀለት፣ እነዚህ ሴቶች በሬ ጠምደው፣ እርፍ ጨብጠው፣ መካከለኛዋን መሬት ከዳር እስከ ዳር ማረሳቸውን፣ ዘርም መዝራታቸውን፣ ሰማዩንም ማስቆጣታቸውን አስረዳ።

«እንዳረሱ በዓይናችሁ አይታችኋል?» አሉ ዳኛው።

«ትልሙን አይተናል፤ ጠማማ ነው። አገር ምስክር ነው፤ አርሰዋል፣ ዘርተዋል!»

«መሬቷ የማን ናት?»

«የኔ!» አሉ ሁለቱም። ሰንሰለቱ ተንጫጫ።

«ከዚህ በፊት ማናችሁ አርሳችኋታል?»

እነሱም አባቶቻቸውም እንዳላረሷት፣ የከብት መተላለፊያ እንደነበረች ሽማግሎቹ መሰከሩ። ዳኛው በአንድ ዓይናቸው ሁለቱን አፈራርቀው ሲያዩ ቆዩና እንዲህ አሉ፤ «ጦም ያደረ መሬት መጀመሪያ አርሶ የዘራበት ሰው ንብረት ነው። እናንተ አላረሳችሁም። እነዚህ ማረሳቸውን ደግሞ እናንተው ራሳችሁ፣ ገደል ወርዳችሁ፣ ወንዝ ተሻግራችሁ መጥታችሁ መሰከራችሁላቸው። መሬቷ የሴቶቹ ናት።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ዳኛው ቀጠሉ፤ «አሁን ክርክሩ አልቋል። ፍቱኝ የሚል አለ?»

እመኑኝ፣ የሚረቱበት ነገር በሌለበት፣ መሬቷ ከሁለቱም እጅ በወጣችበት፣ ማንያዘዋል ሽብሩን አየ፤ ሽብሩ ማንያዘዋልን አየ፤ ቀድሞ የሚናገር ጠፋ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ያን ጊዜ ወለላ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ዳኛው ፊት ቆመች። «ጌታዬ፣ እኔ እላለሁ! ፍቱልኝ! መረታት ከሆነ እኔ ልረታ፤ የሰጡኝን መሬትም ይውሰዱት። ልጆቼ ነገ የሚላስ የሚቀመስ የላቸውም፤ ሰኔ እያለቀ ነው። መሬት አይደለም ያጣሁት፣ የሚያርስ እጅ ነው ያጣሁት። ያን እጅ ፍቱልኝ!» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ለሽማግሎቹ ያላለቀሰች፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ያላለቀሰች ሴት እዚያ አለቀሰች ይባላል።

ዳኛው ባለእጅ አስጠርተው ሰንሰለቱን አስፈቱ። ማንያዘዋል ነጻ የወጣ እጁን ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሚስቱን ከመሬት አነሣት። ምን እንዳላት አይታወቅም። አንዳንዶች በዚያች ሰዓት ዝናቡ ዘነበ ይላሉ፤ አትመኑ፣ ሰው ተረት ማሳመር ይወዳል። ዝናቡ የመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ የመጣውም ክረምት ስለሆነ ነው።

በሬዎቹ ግን ከመቀናጆው አልተፈቱም፤ ወለላና አጸደ «እኛ የጠመድነውን ማንም አይፈታውም» አሉ። ባሎቹ የላይኛውንም የታችኛውንም ማሳ በዚያው ጥማድ አረሱ፤ የዘር ጊዜው አልፎ ስለነበር የዘሩት ጭንጋፍ ሆነ፣ ለወፍ እንኳ የማይበቃ። ቀድማ የተዘራችው ያች ጠባብ እርሻ ግን ዛላዋ ከብዶ አጎነበሰች። ሁለቱ ቤት በዚያ ዓመት የበላው ከእሷ ነው፤ በስስት፣ በቁጥቁጥ፣ ሆድ ሳይሞላ፤ ቢሆንም ከልጆቹ አንድም አልተቀበረም። በሚቀጥለው ሰኔ የመንደሩ ወንዶች ራሳቸው መጥተው «እናንተ ጀምሩልን» አሉ፤ ወለላም «እንጀምራለን፤ እናንተ ግን እጃችሁን ስጡን» ብላ መቀነቷን ፈታች ይባላል።

ታረቁ ወይ ትሉኝ ይሆናል። የለም። ማንያዘዋልና ሽብሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ስለዚያ ድንጋይ ሲከራከሩ ኖሩ፤ ሚስቶቻቸው በመጨረሻ ጎን ለጎን አስቀበሯቸው። ቄሱ ቦታ ላስፋ ቢሉ አጸደ «አይስፋ አባ፣ እዚያው ይጨርሱት» አለች። መቃብራቸው ዛሬም አለ፤ በመካከላቸው በሬ ዞሮ አይመለስም።

ዘንድሮም በሰኔ መጀመሪያ እንደ ወጉ ታሰርን፤ እኔ ከላይኛው ቤት ነኝ፣ ትዛዙ ከታችኛው። ከታች ባለቤቴ እርፉን ይዛለች፤ የትዛዙ ሚስት ከፊት ትመራለች፤ ትልሙ ዘንድሮም ጠማማ ነው። ዳገቱ ላይ ጸጥ ብለን ተቀምጠን ሳለ ትዛዙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና፣ «ስማ እንጂ፣ ያቺ የድንበር ድንጋይ ወደ እኔ ፈቀቅ ያለች አይመስልህም?» አለኝ።

አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀና ብላ አየችን። ጅራፏን አነሣችና፣ ወደ በሬዎቹ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ዞራ፣ ወደ እኛ አጮኸችው። ዝም አልን።

ድንጋይዋ ግን የተገፋችው ወደ እኔ ነው።